ውኃ ዳር፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ

ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ አዞ ገበያ ከሚሉት ዳርቻ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩ ጀልባ ነጂው ሞተሩን ያጠፋል። ጀልባዋ በያዘችው ግፊት ትንሽ ትንሸራተትና ቀስ ብላ ትቆማለች። ቀን ሙሉ ደረቁ ላይ አፋቸውን ከፍተው የተጋደሙት አዞዎች አንድ በአንድ ወደ ውኃው ይገባሉ። ከደንገሉ ወዲያ ጉማሬዎች ጆሯቸውን እያርገበገቡ ያናፋሉ። ፀሐይዋ ከጋሞ ተራሮች ጀርባ ወርዳለች፤ ሰማዩ ግን ገና ብርቱካንማ ነው፣ ውኃውም እንደዚያው። ዓይን ሁሉንም ቁልጭ አድርጎ ያያል። ካሜራው ግን ቸግሮታል። የአዞው ጀርባ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሏል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ወፎች አንድ ጥቁር ነጥብ ሆነዋል፤ ከሦስት ፎቶ ሁለቱ ተንቀጥቅጧል።

አማርኛ ለዚህች ሰዓት ቃል አያጥረውም። ማለዳዋ ጎህ ሲቀድ፣ ወገግ ሲል፣ ሊነጋጋ ሲል ትባላለች፤ ምሽቷ ደግሞ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ድንግዝግዝ ሲል፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። ውኃ ዳር የሚወርድ አውሬ የሚመርጠውም ይህችኑ ሰዓት ነው። ጉማሬ ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ቀኑን ውኃ ውስጥ ይውልና ለግጦሽ የሚወጣው ሲጨልም ነው፤ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ይበላል። ድኩላ ከጥሻው የሚወጣው ሰው ሲርቅና ሙቀቱ ሲበርድ ነው። ነብርና አንበሳም ውኃ ለመጠጣት ቀትርን አይመርጡም። እንስሳው ሲመጣ ብርሃኑ ይሄዳል። ስለዚህ የዱር እንስሳ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፦ ብርሃኑ ከየት ይምጣ?

ጥያቄው ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መልሱም አንድ ብቻ አልነበረም። አንዱ ብርሃኑን ሰው ይዞ ይምጣ አለ፣ ሌላው መብራት ይተከል አለ፣ ሦስተኛው ነገሩን ለማሽኑ ተወው። አራተኛው መልስ ግን ከሁሉም ቀድሞ እዚያው የነበረ ነው፤ ውኃው ራሱ። ይህ ዳሰሳ ሁሉንም ያያል፤ ሚዛኑ ወደ አራተኛው የሚደፋበትንም ምክንያት ያሳያል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በታንኳ ነው። ጆርጅ ሻይራስ ሦስተኛው የፔንሲልቬንያ ተወላጅ የሕግ ባለሙያ ነበር፤ ኋላም ለአንድ የሥራ ዘመን የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆኗል። ከልጅነቱ ጀምሮ በሚሺገን ደኖች፣ ኋይትፊሽ በተባለ ሐይቅ አካባቢ ያድን ነበር። እዚያ የኦጂብዌ ሕዝብ አዳኞች የሚጠቀሙበትን አንድ ዘዴ ያውቃል። በታንኳው አፍንጫ ላይ እሳት ይነዳል። አዳኙ ከእሳቱ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ ይቀመጣል። ሌሊት ወደ ውኃው የወረደ አጋዘን ሽሽት ይረሳና ብርሃኑ ላይ ፈዝዞ ይቀራል፤ ዓይኖቹ ሁለት ፍም ይመስላሉ። አዳኙ የሚያነጣጥረው በሁለቱ ፍሞች መካከል ነው። ሻይራስ በ1889 ጠመንጃውን በካሜራ፣ እሳቱን በፋኖስ ተካ። ለፎቶው የሚሆነውን ብርሃን የሰጠው የማግኒዝየም ዱቄት ነበር፤ እንደ ባሩድ ቧ ብሎ የሚነድ፣ ጭሱ ታንኳውን የሚሸፍን፣ አያያዙን ላልቻለበት እጅ የሚያቃጥል ነገር ነው።

ከሥራዎቹ አንዷን ዛሬም ያየ አይረሳትም። በ1902 ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ሉን በተባለ ሐይቅ ዳር፣ ሊንክስ የተባለችው፣ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ጠጉር ያላት የዱር ድመት ተቀምጣ ቀጥታ ወደ ታንኳው ታያለች። ከኋላዋ ጨለማ ነው። ከፊቷ ምስሏ ውኃው ላይ ተገልብጦ ተኝቷል። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በሐምሌ 1906 የሻይራስን 74 ፎቶዎች በአንድ እትም ሲያወጣ ሁለት የቦርድ አባላት መጽሔቱ የሥዕል መጽሐፍ ሆነ ብለው ሥራቸውን እንደለቀቁ ይነገራል። አንባቢው ግን ወደደው። ሻይራስ በ1928 ወደ 2,400 የሚጠጉ የመስታወት ኔጋቲቮቹን ለናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ሰጥቷል።

ሻይራስ ሌላም ነገር ትቷል። እንስሳው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ገመድ ዘርግቶ፣ ገመዱን ከካሜራውና ከዱቄቱ ጋር አያይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አጋዘኑ ገመዱን ሲነካ ራሱን በራሱ ፎቶ ያነሳል። የዛሬው የካሜራ ወጥመድ የዚያ ገመድ ልጅ ነው። በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ካርል ጌዎርግ ሺሊንግስ ተመሳሳዩን ዘዴ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይዞ መጥቶ አንበሶችን በሌሊት አንስቷል።

እነዚህ ሥራዎች ክብር ይገባቸዋል። ሆኖም የፍላሽ ፎቶ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ጉድለት ይዞ ኖሯል። የፍላሽ ብርሃን ርቀት አይችልም፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ቅርብ ያለው እንስሳ እንደ ቀን ይበራል፣ ከኋላው ያለው ዛፍ፣ ዳርቻና ሰማይ ግን ይጠፋል። ውኃው ቀለም እንደተደፋበት ጠረጴዛ ጥቁር ይሆናል። ሻይራስ ሊንክሷን ሲያነሳ በእርግጥ ጨለማ ነበር፤ ሌላ ምርጫም አልነበረውም። ዛሬ ሰማዩ ገና እየነደደ ፍላሽ የሚያበራ ሰው ግን ምሽቱን ራሱ አጥፍቶ ነው ፎቶ የሚያነሳው።

የዓይን ነገርም አለ። በሌሊት የሚንቀሳቀሱ ብዙ እንስሳት ከዓይናቸው መጋረጃ በስተኋላ እንደ መስታወት ያለ ሽፋን አላቸው፤ ዓይን ውስጥ የገባው ብርሃን ተመልሶ ሁለተኛ ጊዜ እንዲያልፍ ያደርጋል። አዞ በባትሪ ሲያዩት ዓይኑ ቀይ ሆኖ የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተመራማሪዎችም አዞን በሌሊት የሚቆጥሩት ይህንኑ ብርሃን እየተከተሉ ነው። ያንን ያህል ብርሃን ለመሰብሰብ የተሠራ ዓይን ላይ ድንገት ኃይለኛ ብልጭታ ሲያርፍ ምን እንደሚሰማው ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቶ መብራት የበራበት ሰው ይገባዋል። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ያሉ ጥሩ አስጎብኚዎች የሚጠብቁት አንድ ሕግ አለ፤ የቀን እንስሳ የሆነ ታዳኝ ላይ ሌሊት ባትሪ አይበራም። ሚዳቋዋ ለጥቂት ጊዜ ዓይኗ ፈዝዞ ብትቆም፣ አጠገቧ ያደፈጠው ነብር አይፈዝም። ውኃ ዳር ይህ ሕግ የበለጠ ይከብዳል። የበረሃ እንስሳ ከግጦሽ ቦታ ቢያባርሩት ሌላ ቦታ ይግጣል፤ ከውኃ ካባረሩት ግን ሳይጠጣ ያድራል።

ሁለተኛው መልስ፣ መብራት ይተከል የሚለው፣ ናሚቢያ ውስጥ በደንብ ተሞክሯል። በኤቶሻ ብሔራዊ ፓርክ ኦካኩዌዮ በተባለው የማረፊያ ሰፈር አጥር ሥር ኩሬ አለ። ኩሬው ሌሊቱን ሙሉ ለስላሳ መብራት ይበራለታል። ጎብኚዎች ከአጥሩ ወዲህ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። በቀን ለማየት የሚያስቸግረው ጥቁር አውራሪስ እዚያ ሌሊት ይመጣል፤ ዝሆንም ይመጣል፣ አንበሳም። መብራቱ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አይብለጨለጭም፤ እንስሳቱ ለምደውታል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በክዋዙሉ ናታል ያሉ የግል ጥብቅ ቦታዎች ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ወስደውታል። ማድፈጫ ክፍሉ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ መስኮቱ ከውኃው ወለል እኩል ይሆናል፣ ፎቶ አንሺው አልጋ ይዞ ያድራል።

ከፍላሽ ጋር ሲነጻጸር ይህ በብዙ ይሻላል፤ እንስሳው ጠጥቶ ይሄዳል፣ አይደነግጥም። ብርሃኑ ግን የአንድ አምፖል ብርሃን ነው። ቢጫነቱ ይታወቃል፣ ጥላው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወድቃል። አንድ መቶ ሰው አንድ መቶ ሌሊት ቢያነሳ የሚመጣው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። አውራሪሱ መድረክ ላይ የወጣ ይመስላል።

ሦስተኛው መልስ ማሽኑ ነው፤ ብዙ ነገር የለወጠውም በ15 ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ምሽቱን በቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ጥርት ባለ ቀን፣ ቀትር ላይ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ 400 ይወርዳል። ፀሐይዋ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ ስትደርስ፣ ከቤት ውጭ ያለ መብራት ማንበብ ሲያዳግት፣ የሚቀረው 3 ከግማሽ ገደማ ነው። ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠው ሩብ ሉክስ ያህል ነው። የሰው ዓይን ይህን ቁልቁለት ሳይታወቀው ይወርደዋል፤ ካሜራ ግን እያንዳንዷን ደረጃ ይቆጥራል።

ለኢትዮጵያ ፎቶ አንሺ ቁልቁለቱ ሌላም መልክ አለው። ከምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው ማለት ይቻላል፤ በሰዓት 15 ዲግሪ። ስለዚህ አርባ ምንጭ ላይ ፀሐይ ከጠለቀችበት እስከዚያ 6 ዲግሪ ድረስ ያለው ጊዜ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ለንደን ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ ስቶክሆልም ላይ በሰኔ ወር ከአንድ ሰዓት ያልፋል። የአውሮፓ ፎቶ አንሺዎች ድንግዝግዝን ተረጋጉና ተጠቀሙበት ብለው ሲጽፉ የሚያወሩት ስለራሳቸው ምሽት ነው። ጫሞ ላይ ሌንስ ለመቀየር የሄደች 3 ደቂቃ ከ20ዋ ላይ ተቀንሳለች።

አሁን ፊልሙን እናስታውስ። የቀለም ፎቶ ወዳጆች የወደዱት ቬልቪያ የተባለው ፊልም የብርሃን ስሜቱ፣ ማለትም አይኤስኦው፣ 50 ነበር። ቀዳዳው እስከ 2.8 የሚከፈት ሌንስ የያዘ ሰው፣ ልክ ፀሐይዋ ስትጠልቅ፣ በዚህ ፊልም የሚያገኘው የሹተር ፍጥነት 1/10 ሰከንድ አካባቢ ነው። ሳይንቀሳቀስ ለቆመ አዞ እንኳ ትሪፖድ የግድ ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ያው ፎቶ ከ10 ሰከንድ በላይ ይጠይቃል። በ10 ሰከንድ ውስጥ ጉማሬ ብቅ ይላል፣ ያናፋል፣ ይጠልቃል፤ ፊልሙ ላይ የሚቀረው ጭጋግ ነው።

በ2007 ኒኮን ዲ3 ሲወጣ አይኤስኦ 6400 የሚያሳፍር ቁጥር መሆኑ ቀረ። በ2014 ሶኒ ኤ7ኤስ ቁጥሩን እስከ 409,600 አደረሰው፤ በ2016 ኒኮን ዲ5 ከ3 ሚሊዮን አሻገረው። የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ለማስታወቂያ እንጂ ለግድግዳ ፎቶ አይሆኑም። 6400 ግን እውነተኛ ነው። ከ50 ወደ 6400 መሄድ ማለት 128 እጥፍ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ 1/10 ሰከንድ የነበረው ከ1/1000 ያልፋል፤ ይብራ ሲበር ክንፉን ለማስቆም ይበቃል። በ20 ደቂቃዋ መጨረሻ ላይ ደግሞ 1/10 አካባቢ ይገኛል። በሌላ አነጋገር ማሽኑ የሰጠው እነዚያን 20 ደቂቃዎች ነው። ፊልም ሥራውን በሚያቆምበት ቅጽበት ዲጂታሉ ይጀምራል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጉማሬ ከውኃ የሚወጣው በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ነውና።

ቴሌቪዥኑም በዚሁ በር ገብቷል። በ2020 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ተከታታይ ፊልሞች፣ የኔትፍሊክሱ «ናይት ኦን ኧርዝ»ና የአፕሉ «ኧርዝ አት ናይት ኢን ከለር»፣ የሌሊት እንስሳትን በጨረቃ ብርሃን ቀርጸው አቀረቡ። ሁለተኛው ሌሊቱን ጭምር በቀለም አሳይቷል። ሰማያዊ ሰማይ፣ አረንጓዴ ሣር፣ በሙሉ ጨረቃ ሥር። ሥራው ያስደንቃል። ሆኖም ተመልካቹ ጥቂት ካየ በኋላ ሌሊት መሆኑን ይረሳል፤ ይህ ደግሞ ከትርፉ ጋር የመጣ ኪሳራ ነው።

ከካሜራው በኋላ የመጣው ሶፍትዌር ነው። አዶቤ ላይትሩም በ2023 ሚያዝያ ላይ ብርሃን ሲያንስና አይኤስኦ ሲጨምር ፎቶ ላይ የሚበተነውን ጥራጥሬ መሰል ነቁጥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጠፋ መሣሪያ አስገባ፤ ሌሎችም ቀድመውት ነበር። መሣሪያው በልኩ ሲሆን በጣም ይረዳል። ሲበዛ ግን የማያውቀውን መፈልሰፍ ይጀምራል፤ የድኩላ ጠጉር እንደ ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ የአዞ ቅርፊት ያልነበረበትን መስመር ያበቅላል። ታላላቆቹ የዱር ሕይወት ፎቶ ውድድሮች ለመጨረሻው ዙር የደረሰን ሥራ ጥሬ ፋይል የሚጠይቁት ለዚህም ጭምር ነው። ጥቂት ጥራጥሬ ያለበት እውነተኛ ምሽት፣ ከተለሰነ ምሽት ይበልጣል።

ስለ ስልክም መባል ያለበት አለ፤ አብዛኛው ሰው ይዞ የሚወጣው እሱን ነውና። ከ2018 ወዲህ የመጡት ስልኮች የሌሊት አሠራር ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ አንድ ላይ ያዋህዳል። ሐይቁን፣ ተራራውንና ሰማዩን አሳምሮ ያወጣል። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ግን ይወድቃል፤ የሚበር አባ ኮዳ ሦስት ጥላ ሆኖ ይወጣል። በስልክ የሚያነሳ ሰው የሌሊት አሠራሩን አጥፍቶ፣ እንስሳውን በሰማዩ ነጸብራቅ ፊት ጥቁር ቅርጽ አድርጎ ቢያነሳ የተሻለ ያገኛል። ይህ ምክር ደግሞ በቀጥታ ወደ አራተኛው መልስ ያደርሳል።

የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ ላይ ቆሞ በቀን ቁልቁል የተመለከተ ሰው አባያና ጫሞ ሁለት የተለያዩ ሐይቆች መሆናቸውን ወዲያው ያያል። አባያ በደለል የተነሳ ቀይ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ሰማያዊ ነው። ያው ሰው ምሽት ላይ ወርዶ አገጩን እስከ ጀልባው ጠርዝ ዝቅ ቢያደርግ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ሁለቱም ሰማይ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ውኃን ከአናቱ ቀጥታ ሲያዩት የሚመልሰው ብርሃን ከመቶ 2 ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ የሚታየው የውኃው የራሱ ቀለም ነው። ዓይን ወደ ውኃው ወለል በተጠጋ ቁጥር የሚመለሰው ይጨምራል። ዕይታው ከወለሉ 10 ዲግሪ ሲሆን ከመቶ 35 አካባቢ ይደርሳል፤ 5 ዲግሪ ሲሆን ከግማሽ ያልፋል። ደለልም ይኑር፣ ጭቃም ይኑር፣ ነጸብራቁ ግድ የለውም። ቆሞ የሚያነሳ ሰው ጥቁር ውኃ ላይ ጥቁር ጉማሬ ያገኛል። ተኝቶ የሚያነሳ ሰው ጉማሬውን ብርቱካንማ መስታወት ላይ ያገኘዋል። ካሜራው ያው ነው፣ ሰዓቱም ያው ነው፤ የተለወጠው አንድ ሜትር ከፍታ ነው።

ከዚህ ብዙ ነገር ይከተላል። የብርሃን ልኬት ከእንስሳው ላይ ሳይሆን ከውኃው ላይ ይወሰዳል፤ እንስሳው ይጠቁር፣ ቅርጹ ይናገራል። የጉማሬ ጆሮ፣ የይብራ መንቁር፣ አንገቷን ደፍታ የምትጠጣ ሚዳቋ፣ ለጥቁር ቅርጽ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ካሜራው ቀለሙን በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ ሰማያዊውን ምሽት ነጭ ሊያደርገው ይሞክራል፤ ስለዚህ የቀለም ማስተካከያው ቀን ፀሐይ ላይ ይታሰራል። ነጸብራቅን የሚቀንሰው ፖላራይዘር የተባለው ማጣሪያ ከሌንሱ ይወርዳል፤ ብርሃኑን ከግማሽ በላይ ይበላል፣ የሚያጠፋውም የሚፈለገውን ነው።

ነፋስ የመስታወቱ ጠላት ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ሌሊት ይተኛል። ስለዚህ ምሽቱ በእንስሳት ቢበልጥ ማለዳው በውኃ ይበልጣል። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል የደረሰ ሰው ውኃው ሲተን ያገኘዋል፤ ሞቅ ያለው ሐይቅ ቀዝቃዛውን አየር ሲነካ ጉም ይነሳል፣ የመጀመሪያው ብርሃን ጉሙን ያቀላዋል። በአዋሽ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል ያለው ፍልውሃ ደግሞ ይህን ትዕይንት ከሌሎቹ በተሻለ ይሰጣል፤ እንፋሎቱ በዘንባባዎቹ መካከል ይነሳል።

ይህን አራተኛ መልስ በፊልም ዘመን ያሳየው ሆላንዳዊው ፍራንስ ላንቲንግ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቦትስዋና ቾቤ ውስጥ ኩሬ ዳር የቆሙ ዝሆኖችን በድንግዝግዝ አነሳ። ዝሆኖቹ ጥቁር ናቸው፤ ሰማዩ ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ይሄዳል፤ ሙሉ ጨረቃ ወጥታለች። ፍላሽ የለም። ጨረቃዋ የዕድል ነገር አይደለችም። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ሰማዩ ገና ብርሃን ስላለው ጨረቃዋና መሬቱ በአንድ ፎቶ ይስማማሉ። በማግስቱ ከ40 ደቂቃ በላይ ትዘገያለች፤ በዚያን ጊዜ መሬቱ ጨልሟል፣ ጨረቃዋ ነጭ ቀዳዳ ትሆናለች። በወር አንድ ምሽት፣ ከዚያም 20 ደቂቃ። ያንን ለማወቅ ካሜራ አያስፈልግም፤ ቀን መቁጠሪያ ይበቃል።

ደቡብ አፍሪካዊው ግሬግ ዱ ቶይት ደግሞ በ2013 የዓመቱ የዱር ሕይወት ፎቶ አንሺ የተባለበትን ሥራ ያነሳው በቦትስዋና ሰሜን ቱሊ ነው። መሬት ውስጥ ከተቀበረ ኮንቴይነር፣ ከኩሬው ወለል እኩል ሆኖ፣ ሹተሩን አዘግይቶ። የዝሆኖቹ እንቅስቃሴ ሆን ተብሎ ደብዝዟል፣ ፎቶው በሰማያዊ ተነክሯል፣ ከፊት ያለው ጥጃ ሮጦ የሚያልፍ መንፈስ ይመስላል። የሹተሩን ዝግታ እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ቀለም ተጠቅሞበታል። ያው ሰው ከዚያ ቀደም ኬንያ ውስጥ አንበሶች ሲጠጡ በዓይናቸው ትክክል ለማንሳት ለወራት ኩሬ ውስጥ እየገባ ይቀመጥ ነበር። ፎቶውን አግኝቷል፤ ቢልሃርዚያን ጨምሮ በሽታም አግኝቷል። ጣና፣ ዝዋይም ሆነ አባያ ዳር እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ለመተኛት የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። የወባ ትንኝም የምትወጣው በዚችው ሰዓት ነው።

ሰው ጨርሶ ቦታውን ለቅቆ ካሜራው ብቻውን ይጠብቅ የሚለው የሻይራስ ገመድ በዘመናችን ትልቅ ውጤት አሳይቷል። እንግሊዛዊው ዊል ቡራርድ ሉካስ በ2019 ያወጣቸው፣ ኬንያ ላይኪፒያ ውስጥ በካሜራ ወጥመድ ያነሳቸው የጥቁር ነብር ፎቶዎች ዓለምን ዞረዋል። የዛሬው ወጥመድ ገመድ የለውም፤ የእንስሳውን የሰውነት ሙቀት ከአካባቢው ለይቶ ይነቃል። ቆላ ውስጥ አየሩ የሰውነት ያህል ሲሞቅ ልዩነቱ ስለሚጠብ ይስታል፤ ሌሊት ላይ ግን ይሠራል። ችግሩ አሁንም ፍላሽ መጠቀሙ ነው። ጥቁር ነብር በሌሊት ያለ ፍላሽ አይታይምና ለእሱ ይቅርታ ይደረግለታል። ለመጠጫ ኩሬ ግን ነጭ ብልጭታ አይመከርም፤ ለዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ ይሻላል፣ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም።

የመሣሪያው ነገር በዚህ ሁሉ መሀል ትንሹ ክፍል ነው፤ አንዲት ዕቃ ግን መነገር ይገባታል። ጀልባ ላይ ትሪፖድ አይረዳም፤ እግሮቹ የጀልባዋን ንቅናቄ ሁሉ ወደ ሌንሱ ያስተላልፋሉ። የሚረዳው ከረጢት ነው። ከገበያ የተገዛ ሁለት ኪሎ ሽንብራ፣ ጠበቅ ያለ የሸራ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ጫፉ ይሰፋል። ከረጢቱ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይሞላል፤ ሞልቶ ከጠነከረ ሌንሱ ይንሸራተትበታል፣ ከጎደለ ደግሞ ይሰምጥበታል። ከረጢቱ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተደርጎ ሌንሱ ሲጫነው ሽንብራው ይሸሽና ቦታ ይሰጣል፣ ከዚያ ይይዛል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ተሳፋሪው ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ በዚህ ከረጢት 1/30 ሰከንድ ላይ ስለት ያለው ፎቶ ይገኛል። ሊጠጣ ያጎነበሰ እንስሳ ለአንድ አፍታ ጸጥ ይላል፤ መጫን በዚያች አፍታ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቦታው አልጠፋም። ነጭ ሣር 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሐይቅ፣ ምንጭና ሜዳ ይዟል። አዋሽ ፏፏቴው ሥር አዞ አለው፣ ዳርቻው ላይ ጦጣና ዝንጀሮ ይወርዳል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ያሉት አባ ኮዳዎች ሰው ስለለመዱ፣ በስልክ ለሚጀምር ልጅ ከሁሉ የተሻሉ አስተማሪዎች ናቸው። የአብጃታ ዳርቻ ግን ከዓመት ዓመት ሸሽቷል። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውኃ ለመስኖ፣ የሐይቁ ውኃ ደግሞ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲወሰድ ኖሮ፣ በፍላሚንጎዎቹና በፎቶ አንሺው መካከል ሰፊ ነጭ ጭቃ ገብቷል። ያንን ጭቃ በእግር መሻገር ለሰውም አደጋ ነው፣ ወፎቹንም ያስነሳል፤ መተው ይሻላል።

ጣና ላይ የሚመለከተው ሰው ደግሞ ወደ ሻይራስ ታንኳ ይመለሳል። የወይጦ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ከደንገል ታንኳ የሚሠራ፣ ቀደም ባለው ዘመንም ጉማሬ አዳኝ የነበረ ነው። ጉማሬ በየት እንደሚወጣ፣ መንገዱን እንደማይቀይር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእሱና በውኃው መካከል መቆም ሞት መሆኑን ያውቃል። የኦጂብዌ አዳኞች ዕውቀት ለሻይራስ የሆነለትን ይህ ዕውቀት ለፎቶ አንሺ ይሆናል፤ የታንኳ ሰው ሳይጠይቅ ጣና ዳር ምሽት ላይ ሌንስ የሚዘረጋ ራሱን ለአደጋ ይሰጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬዎቹ ሲመሽ ወደ ሣሩ ይወጣሉ፤ ደኅነኛው ቦታ ከመንገዳቸው ወደ ጎን የራቀ፣ ከፍ ያለና መሸሻ ያለው ነው። ዝቅ ማለትን ሲያወድስ የቆየው ምክር እዚህ ይቆማል። ከፍ ካለ ቦታ መስታወቱ ይቀንሳል፤ ረጅም ሌንስና ርቀት ግን ዕይታውን እንደገና ወደ ውኃው ወለል ያስጠጉታል፤ ከሩቅ የታየ ውኃ ሁልጊዜ በአግድም የታየ ነውና።

ጣና ላይ መስታወቱን የሚሸፍን ሌላ ነገር መጥቷል። ከ2011 ጀምሮ የታወቀው፣ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻዎች ውኃውን እንደ ምንጣፍ ለብሶታል። አረንጓዴው ቅጠል ሰማይ አይመልስም፤ ምሽት ላይ ሌላው ሐይቅ ሲበራ እሱ ያለበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ገበሬዎች በዘመቻ ወጥተው፣ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ነቅለው በጨረሱበት ቦታ ለጥቂት ጊዜ ውኃው ይከፈታል። የመጀመሪያዎቹ ወፎች የሚያርፉት እዚያ ነው፤ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይም ሰማዩ የሚወርደው በዚያች በተከፈተችው ቦታ ላይ ነው።